ማኒፌስት ምንድን ነው?

በቅርቡ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ የሚያጠና ሰው «ቅድመ አያቴ ከፖላንድ ሲመጣ ኤሊስ አይላንድ ላይ ስሙን ስለቀየሩበት በማኒፌስቱ ላይ ላገኘው አልቻልኩም» ሲል ሰማሁ። ኤሊስ አይላንድ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመረመሩባት የነበረች፣ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ በዝምታ ማለፍ ያቃተኝ ግን ሰውዬው በዚህ ምክንያት ፍለጋውን እርግፍ አድርጎ በመተዉ ነው።

ማኒፌስት መርከቡ የጫናቸውን መንገደኞች የሚዘረዝር መዝገብ ነው። የሚያዘጋጀው የአሜሪካ መንግሥት ሳይሆን የመርከብ ኩባንያው ሲሆን፣ ስሞቹም የሚሰፍሩት ጉዞው በሚጀመርበት በብሬመን፣ በሃምቡርግ ወይም በሌላ የአውሮፓ ወደብ ነበር። ነገሩን ከመናኸሪያ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ትኬት ቆራጩ የተሳፋሪውን ስም ጠይቆ ይጽፋል፤ ኬላ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ግን ወረቀቱን ከሰዎቹ ጋር ያመሳክራል እንጂ ለማንም ስም አያወጣም። ኤሊስ አይላንድ ኬላው ነው፤ «አበበ» «አበባ» ተብሎ ተጽፎ ከተገኘ ስህተቱን የምንፈልገው ትኬት መስኮቱ ላይ ነው። ኩባንያው መግባት የማይፈቀድለትን ሰው ካመጣ በራሱ ወጪ ለመመለስ ይገደድ ስለነበር፣ ትኬት ቆራጩም ቢሆን በግዴለሽነት የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም።

«ተቆጣጣሪዎቹ ፖላንድኛ ስለማያውቁ የመሰላቸውን ጻፉ» የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። ተቆጣጣሪው ግን የተጻፈ መዝገብ በእጁ ይዞ ነበር፤ አስተርጓሚዎችም ነበሩት። ኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1910 በዚያው ቦታ በአስተርጓሚነት ሠርቷል።

ስሙ የተለወጠው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ በፋብሪካው፣ በትምህርት ቤቱና በሠፈሩ፣ ብዙ ጊዜም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ቭዋዲስዋፍ ዋልተር፣ ቮይቼክ አልበርት የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። በ1906 የወጣው የዜግነት ሕግ ከዚያ ወዲህ የገባ አመልካች መምጣቱ በመርከብ መዝገቡ እንዲረጋገጥ ስላዘዘ፣ አመልካቹ አሁን ዋልተር ተብሎ ቢጠራም መርከብ ላይ የተሳፈረበትን ስም መናገር ነበረበት። በአንዳንድ መስመሮች ላይ ከስሙ አጠገብ በሌላ እጅ የተጻፈው ቁጥርና ቀን የዚህ ማጣራት አሻራ ነው።

ፖላንድ ከ1795 እስከ 1918 በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ስለነበር «ዜግነት፦ ሩሲያ» የሚለውን አይቶ «ይህ የእኛ ሰው አይደለም» ማለት ሌላው ስህተት ነው፤ ከ1899 ጀምሮ ብሔሩን የሚጠይቅ ዓምድ ስላለ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ ወይም ሚስት ደግሞ የወንዱ ስም «ስኪ» ብሎ ሲያልቅ በ«ስካ» ትመዘገባለች። ስሙ የተሰረዘበት መስመርም ሰውዬው መሞቱን አያሳይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትኬት ቆርጦ ሳይሳፈር ቀርቷል ማለት ነው። የሃምቡርግ የመነሻ መዝገቦች ከ1850 እስከ 1934 ያሉት በአብዛኛው ስለተረፉ ከአሜሪካው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ፤ የብሬመኖቹ ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

የሰውዬውን ቅድመ አያት የቤተሰብ ስሙን ትቼ በመጠሪያ ስሙ፣ በዕድሜውና ሊሄድበት ባሰበው ከተማ ፈለግሁት። በወረቀቱ ላይ ስሙ ልክ እንደ ፖላንድኛው ሰፍሯል። የተሳሳተው ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው ነው፤ ፖላንዶች «ው» ብለው የሚያነቡትን፣ ወገቡ ላይ ጭረት ያለበትን የ«ል» ፊደል «ት» ብሎ አንብቦታል። በዚያው ወረቀት ላይ፣ አገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ በሚለው ዓምድ ሥር፣ ቤተሰቡ ሲፈልገው የኖረው የእናቱ ስምና የመንደሩ ስም በጥቁር ቀለም ተጽፈዋል።