በጭንቀት ጊዜ ስለሚመጣ ፈተና በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ሥራ ሲደራረብ፣ ትዳር ሲናጋ፣ ዕዳ ሲያፋጥጥ ሰው እንደሚጎዳው እያወቀ ወደሚጎዳው ነገር ይመለሳል። የተተወ ሲጋራ እንደገና ይለኮሳል፤ ለኪራይ የተቀመጠ ገንዘብ ውርርድ ይበላዋል። ስለዚህ ጉዳይ የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች እውነት ስለሚመስሉ ማንም አይጠይቃቸውም። የተጨነቀውን ሰው ይበልጥ ጥግ የሚያስይዙት ግን እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

«ቆራጥ ቢሆን ኖሮ እምቢ ይል ነበር»

ብዙ ሰው አሳፍሮ ችግሩን ያስደበቀ አመለካከት ይኼ ነው። ጭንቀት ሲበረታ ነገን አስቦ «ቆይ እስቲ» የሚለው የአንጎላችን የፊተኛው ክፍል ይደክማል፤ የለመድነውን ሳናስብ የሚያስደርገን ክፍል ደግሞ ጉልበት ያገኛል። በሰላሙ ቀን በቀላሉ የሚታለፍ ነገር በዚያች ሰዓት የሚከብደው ለዚህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊልሄልም ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚያምራቸው እየጠየቁ መዝግበው ነበር። ራሳቸውን በመግዛት የተሻሉት ሰዎች ከፈተና ጋር ሲታገሉ የሚውሉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ትግላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ነው። የውርርድ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት፣ የባንክ ካርድን ለሚያምኑት ሰው መስጠት፣ ከሥራ ሲወጡ በመጠጥ ቤቱ በኩል አለማለፍ የደካማ ሰው ዘዴ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው መንገድም አለ፦ «እጠነቀቃለሁ» ብሎ ከመማል ይልቅ «ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ ከወጣሁ፣ ቤት ሳልገባ ለእህቴ እደውላለሁ» ብሎ ሁኔታውንና የሚደረገውን አስቀድሞ ማጣመር። በጭንቅ ሰዓት አዲስ መላ መፍጠር ይከብዳል፤ የተዘጋጀውን ማድረግ ይሻላል።

«አምሮት ካልተወጣለት እየባሰ ይሄዳል»

በዚያች ደቂቃ በእርግጥ እንደዚያ ይመስላል። ግን አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሱስ ላይ ብዙ የሠራው አለን ማርላት ሰዎች አምሮታቸውን ሳይታገሉትም ሳይታዘዙትም እንዲመለከቱት ያስተምር ነበር። አፍ ሲደርቅ፣ ደረት ሲጨንቅ፣ እጅ ሳያስቡት ኪስ ሲዳብስ ልብ ማለት፤ ሰዓት አይቶ «አሥር ደቂቃ ልቆይ» ማለት፤ አሥሩ ሲያልቅ ሌላ አሥር። «ፈጽሞ አላስበውም» ማለት ግን ብዙም አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ድቡ ደጋግሞ ይመጣባቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ስለሚችል፣ ለብቻው ሳይሆን በሐኪም ክትትል ነው ማቆም ያለበት።

«ሲጋራና መጠጥ ጭንቀት ያስታግሳሉ»

ሲጋራ በአብዛኛው የሚያስታግሰው ራሱ ያመጣውን ሐራራ ነው። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ሲጋራ ያንን ሲያበርድ ጭንቀቱ የቀለለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። መጠጥም ቶሎ ያስተኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

«አንዴ ከተሳሳትኩ አለቀልኝ»

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይሆን ተከትሎት በሚመጣው ሐሳብ ነው። «ድሮም አልረባም» የሚለው ጸጸት ራሱ ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቱም ሁለተኛውን ብርጭቆ ይጠራል። ማርላት ይህን አዙሪት በዝርዝር ገልጾታል። አንድ ብርጭቆ ግን አንድ ብርጭቆ ነው፤ የወራቱን ልፋት አይሰርዝም። የቀረውን ደፍቶ መነሣትና በዚያው ምሽት ለአንድ ሰው መናገር ይቻላል።

«ለሰው ብናገር ሸክም እሆናለሁ»

ፈተናው ራስን መጉዳት ወይም ሕይወትን ማጥፋት ሲሆን ይህ አመለካከት እጅግ አደገኛ ነው፤ ያ ሰዓት ብቻን የሚታለፍ አይደለም። በሌላው ወገን ያለው ወዳጅም «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙዎችን ያቀልላቸዋል እንጂ። ጠይቁት፤ አብራችሁት ቆዩ፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ወደ ሕክምናም ራሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ።