ሳይክል ላይ እያላችሁ መብረቅ ቢመጣ፦ ስንባባል የኖርናቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር በክረምት ሳይክል የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ነው። ከሰዓት ወደ ቤዛዊት ዳገቱን ስትገፉ ጣና ላይ ሰማዩ ይጠቁርና መጉምጎም ይጀምራል። ያኔ ሁሉም መካሪ ነው። ምክሩ ግን አብዛኛው ስህተት ነው።

«ጎማው ላስቲክ ስለሆነ አይነካኝም»

ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! መብረቅ እኮ ኪሎ ሜትሮች አየር ሰንጥቆ ነው መሬት የሚደርሰው። አየርም ቢሆን በቀላሉ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ያን ሁሉ አልፎ የመጣውን አንዲት ቀጭን ላስቲክ ታስቆመዋለች? መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚተርፈውም በጎማው አይደለም። ዙሪያውን የከበበው ብረት ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ስለሚያወርደው ነው። ስለዚህ ሚኒባስ ካገኛችሁ ግቡ፤ መስኮቱን ዝጉ፤ ብረቱን አትንኩ። ባጃጅ ግን ሸራና ክፍት በር ነው። ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም።

«ዝናቡ ሳይጀምር ምን አለ?»

መብረቅ ዝናቡ ካለበት ቦታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሳትሞሉ ከጮኸ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም ማለት ነው። መቁጠር ከሰለቻችሁም ችግር የለም፦ ነጎድጓዱ ከተሰማችሁ መጠለያ ፈልጉ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እኔ አንዴ «አለፈ» ብዬ በ10 ደቂቃ ወጣሁ። ቀጣዩ ከኋላዬ ሲጮህ ፔዳሉን እንዴት እንደረገጥኩት አላስታውስም።

«ዋርካ ሥር ጠጋ በል»

ይሄኛው ነው የሚገድለው። ረጅም ዛፍ ሲመታ ኤሌክትሪኩ ግንዱን ይዞ ይወርድና አጠገቡ ወደቆመ ሰው ሊዘል ይችላል። ሥሩ ዘንድ ሲደርስም በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ደግሞ መብረቁ በቀጥታ መትቶት ሳይሆን በዚህ በመሬት በተሰራጨው ኤሌክትሪክ ነው። «እንግዲያው ሜዳ ላይ ልተኛ» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል፤ ከመሬቱ ጋር የምትነካኩበትን ቦታ ማብዛት ነው። በግንብ የተሠራ፣ የመብራትና የውኃ መስመር ያለው ቤት ፈልጉ። ውስጥ ከገባችሁ በኋላም ከቧንቧውና ከሶኬቱ ራቁ። አካባቢው ላይ ቤት ከሌለ ከኮረብታው ውረዱ፤ ከብቸኛ ዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከውኃ ዳር ራቁ። በቡድን ከሆናችሁ ተራራቁ፤ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው።

«ሳይክሉ ብረት ነው፤ መብረቅ ይስባል»

አይስብም። መብረቅን የሚስበው ከፍታና ብቻውን ጎልቶ መታየት ነው፤ ባዶ አስፋልት ላይ ደግሞ ጎልታችሁ የምትታዩት እናንተው ናችሁ። ቤት ቅርብ ከሆነ ወርዶ ከመሮጥ ነድቶ መድረስ ይሻላል። መሄጃ ካጣችሁ ግን ሳይክሉን አስተኝታችሁ ከሱ ራቁ፤ ብረት መብረቅ ባይስብም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስልክም አይስብም። ልጅ ሆነን የተከለከልነው ቀይ ልብስም ያው ነው።

«መብረቅ የመታው ሰው አይነካም፤ ይይዛል»

አይይዝም። ኤሌክትሪኩ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ አልፎ ሄዷል። መብረቅ ከመታቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በአብዛኛው ልባቸው ወይም ትንፋሻቸው ቆሞ ነው። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጃችሁ በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የተመቱት ብዙ ከሆኑ ደግሞ የሚጮኸው ይቆያችሁ፤ እየተነፈሰ ነው። መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሂዱ።