ፍራኪንግና የመጠጥ ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፍራኪንግ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቅ የሼል ድንጋይ አስገብቶ በመሰንጠቅ በውስጡ የታመቀውን ጋዝ ወይም ዘይት የማውጣት ዘዴ ነው። በአካባቢው የሚኖር ሰው ውሃውን መጠበቅ የሚችለው ብክለቱ በየት በኩል እንደሚመጣ በትክክል ሲያውቅ ነው።

"ድንጋዩ የሚሰነጠቀው ከመሬት በታች 2 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ የጉድጓድ ውሃን አይነካም"

ስንጥቁ ራሱ ያን ያህል ርቀት ወደ ላይ መውጣቱ እምብዛም ነው። የቁፋሮው ጉድጓድ ግን የሚያልፈው በከርሰ ምድር ውሃው መሃል ነው። ውሃውን ከጋዙ የሚለየው የብረት ቱቦና በቱቦውና በድንጋዩ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶ ብቻ ነው። የቁፋሮው ጭቃ በደንብ ሳይታጠብ ሲሚንቶ ከተሞላ፣ ወይም ቱቦው መሃል ላይ መቆሙ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ጋዝ በዚያ በኩል ሽቅብ ይወጣል።

ሌላው ብክለት የሚመጣው ከላይ ነው፦ ከሚፈስ ታንከር፣ ከሚያፈስ ማጠራቀሚያ ገንዳ፣ በቂ ማጣሪያ ሳይደረግለት ወንዝ ውስጥ ከሚለቀቅ ፍሳሽ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን እንደሚጎዳ ሲገልጽ የዘረዘራቸው መንገዶች እነዚህን ይጨምራሉ።

"ኬሚካሉ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው"

ለአንድ የጋዝ ጉድጓድ 15 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ቢገባ ግማሽ በመቶው 75 ሺህ ሊትር ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ተመልሶ የሚወጣው ውሃ ነው። ከድንጋዩ ጨው፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየም፣ ብሮማይድ፣ አንዳንዴም ጨረር አመንጪውን ሬዲየም ይዞ ይመጣል፤ ጨዋማነቱ ከባህር ውሃ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እነዚህ ደግሞ ኩባንያው ጨመርኩ ብሎ በሚያሳውቀው ዝርዝር ውስጥ አይገኙም።

"የቧንቧ ውሃ ከተቀጣጠለ ጥፋተኛው ፍራኪንግ ነው"

ላይሆን ይችላል። ረግረጋማ መሬትና የድንጋይ ከሰል ያለበት ቦታ ቁፋሮ ሳይኖርም ሚቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ አለው። ላቦራቶሪ ምንጩን የሚለየው ከጥልቅ ጋዝ ጋር የሚመጣው ኢቴን የተባለ ጋዝ አብሮ መኖሩን በማየትና የካርቦን አይሶቶፑን (በክብደት የሚለያዩ የካርቦን ዓይነቶችን) በመመርመር ነው። ሚቴን በመጠጣት አይመርዝም፤ አደጋው በተዘጋ ክፍል ተጠራቅሞ መፈንዳቱ ነው። በአሜሪካ የተለመደው መመሪያ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ሲያልፍ ክትትል፣ ከ28 ሲያልፍ አፋጣኝ እርምጃ ያስፈልጋል ይላል።

"አፍልቶ መጠጣት ይበቃል"

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ጨውና ባሪየም ግን አይተኑም፤ እንዲያውም ውሃው ሲቀንስ መጠናቸው ይከማቻል። ብሮማይድ ያለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጎጂ ውህድ ይፈጠራል። የከሰል ማጣሪያም ጨውን ያሳልፋል።

"ብክለት በጣዕሙ ይታወቃል"

ጨው ሲበዛ አዎ። ካንሰር አምጪው ቤንዚን (ኬሚካሉ እንጂ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ግን በምላስ ከመታወቁ በፊት ከሚፈቀደው መጠን በብዙ አስር እጥፍ አልፎ ይገኛል።

"ችግር ሲመጣ እናስመረምራለን"

ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ከቁፋሮው በፊት የተወሰደ ውጤት ከሌለ ውሃው ድሮም እንዲህ ነበር የሚለውን ክርክር ማሸነፍ ይከብዳል። የአሜሪካዋ ግዛት ፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ ከሼል ጋዝ ጉድጓድ በ2,500 ጫማ (762 ሜትር ገደማ) ክልል፣ ሥራው ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ለተበከለ ውሃ ተጠያቂው ቆፋሪው እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል። ቆፋሪው ነፃ ሊወጣ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ብክለቱ ከቁፋሮው በፊት እንደነበር ማስረዳት ነው።

ናሙናው ከማጣሪያና ከማለስለሻ መሣሪያ በፊት ካለ ቧንቧ ይወሰድ። የቧንቧው አፍ ላይ ያለው ወንፊት ይነሳ፤ የውሃው ሙቀት እስኪረጋ ድረስ ይፍሰስ። ለቤንዚን የሚወሰደው ጠርሙስ አየር እንዳይቀርበት ጢም ብሎ ይሞላ፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ኬሚካሉ ወደ አየሩ ያመልጥና ውጤቱ ዝቅ ይላል። በረዶ ባለበት ሳጥን ሆኖ፣ ማን መቼ እንደተረከበው እየተፈረመ፣ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይድረስ። ሚቴን፣ ኢቴን፣ ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየም፣ ብሮማይድና ቤንዚን እንዲመረመሩ በስማቸው ይጠየቅ፤ የተለመደው የባክቴሪያ ምርመራ አንዳቸውንም አያሳይም።

ከዚያ በኋላ የጨውን ለውጥ ለመከታተል በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውን በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ ይበቃል፤ ሚቴንንና ቤንዚንን ግን አያሳይም። በየሳምንቱ ይለካ፣ ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ዝናብም ድርቅም ሳይኖር ቁጥሩ ድንገት ቢዘል መጠጣቱ ይቁም፤ ሁለተኛው ናሙና በዚያው ቀን ይወሰድ።