ገላትያን ለክርክር ብቻ የምትከፍቱ ሰዎች ሆይ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አወጣና ገላትያ 2፥16ን ጮክ ብሎ አነበበ። ሰው «በሕግ ሥራ እንዳይጸድቅ» የምትለዋን። ከዚያ ፊት ለፊቱ ወደተቀመጡት እናት ዞሮ «አዩ እማማ? ጾሙም ምጽዋቱም ከንቱ ነው ማለት ነው» አላቸው። እሳቸውም አልተኙለትም፤ «ታዲያ ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ያለው ለማን ነው?» አሉት። እኔ ንፍሮዬን እያላመጥኩ ዝም። ሐዲስ ኪዳን ማታ ማታ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ይህን ሙግት ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚገርመው የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

ሁለቱም «የሕግ ሥራ» ማለት በጎ ሥራ ነው ብለው ተስማምተዋል። ሳያውቁት።

እስቲ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡት። ስድስት ምዕራፍ ነው፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ጠቡ ስለምን ነው? ጳውሎስ ገላትያ ውስጥ ያመኑትን አሕዛብ ትቶ ከሄደ በኋላ ሌሎች መጥተው «መገረዝ አለባችሁ» እያሏቸው ነው። ምዕራፍ 5 መገረዝ፣ ምዕራፍ 6 መገረዝ፣ 4፥10 ላይ ቀንና ወር መቁጠር፣ ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ከማን ጋር ይበላል የሚል ጣጣ። ምጽዋትን የሚነቅፍ አንድ መስመር ፈልጉልኝ። እንዲያውም ጎረምሳው ካነበበው ስድስት ቁጥር ከፍ ብላችሁ 2፥10ን ብታዩ፣ ጳውሎስ ድሆችን እንዲያስብ እንደለመኑትና ይህንኑ ለማድረግ እንደተጋ ይናገራል።

የምዕራፍ 2ን ማዕድ ለመረዳት እኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኬፋ (ጴጥሮስ) አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ገሸሽ አለ፣ በርናባስም ተከተለው። ሠርግ ቤት የክርስቲያን ሥጋ በአንድ በኩል፣ የሙስሊም ሥጋ በሌላ በኩል ሲሰናዳ ያየ ሰው ይገባዋል። የትኛው ድስት ጋ እንደምትሄድ ማን መሆንህን ይናገራል። ጳውሎስን ያስቆጣው ይሄ ነው፦ በክርስቶስ አንድ ናችሁ የተባሉት ሰዎች ድስት ተለየባቸው።

ጀምስ ደን የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባቀረበው ንግግር ነገሩን እንዲህ አየው፦ «የሕግ ሥራ» ሲባል በተለይ አይሁድን ከአሕዛብ የሚለዩት ምልክቶች፣ ማለትም ግዝረት፣ የምግብ ሕግና ሰንበት ናቸው። ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን በሚባል ቦታ ዋሻ ውስጥ ተገኝቶ በ1994 በይፋ የታተመ አንድ የዕብራይስጥ ጽሑፍም «ከሕግ ሥራዎች ጥቂቶቹ» ይላል፤ የሚዘረዝረው ግን ስለ ንጽሕናና ስለ መሥዋዕት የሚያከራክሩ ደንቦችን ነው። ታዲያ የጎረምሳው አነባበብ ከየት መጣ? በብዙ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን ከጀመረው ከማርቲን ሉተር። ሉተር በ1531 ገላትያን ሲያስተምር ዓይኑ ላይ የነበሩት መነኮሳቱና ስእለታቸው ነበሩ። የራሱ ጠብ ነበረው፣ አልፈርድበትም። ሮሜ 4 ላይ ጳውሎስ ሰፋ አድርጎ ስለሚናገር የሉተርን መንገድ የሚከተሉ ምሁራን ዛሬም አሉ፣ ደካሞችም አይደሉም። እነሱ ግን ለቅሶ ቤት እናት አያስቀይሙም።

እናትየውስ? ያዕቆብን አመጡ። ያዕቆብ ምዕራፍ 2 የሚለው ሥራ ለታረዘ ማልበስ፣ ለተራበ ማብላት ነው። ስለ ግዝረት ትንፍሽ አይልም። ሉተር በ1522 ያዕቆብን «የገለባ ደብዳቤ» ባይለው ኖሮ ሁለቱን ማጋጨት እንዲህ ባልተለመደ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ጳውሎስና ስለ ገላትያ የሚነገሩ ሌሎች ስሕተቶችን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ገላትያ ከተማ አይደለችም። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለ የሮም ግዛት ነበር፤ ለዚህም ነው 1፥2 «አብያተ ክርስቲያናት» የሚለው።

ሳውል ደማስቆ መንገድ ላይ ስሙ አልተቀየረም። ሐዋርያት ሥራ 13፥9 «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» ይላል። ሁለት ስም ነበረው፣ አለቀ።

«አይሁድ ገነትን በነጥብ ይገዙ ነበር።» ሳንደርስ የተባለው ምሁር በ1977 የዘመኑን የአይሁድ ጽሑፎች አገላብጦ ተቃራኒውን አሳየ፦ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ምርጫና ኪዳን ይቀድማል፣ ሕግ በኪዳኑ ውስጥ መኖሪያ ነው። ሰባኪዎች እባካችሁ።

«ሕግ ሞግዚታችን» (3፥24) ሲባል አስተማሪ ማለት አይደለም። ግሪኩ ጳይዳጎጎስ ይላል። የቤት ባሪያ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ይመልሳል፣ ሲባልግ ይገሥጻል። በጥንት ሥዕሎች ላይ በትር ይዞ ይታያል። ልጁ ሲያድግ ሥራው ያበቃል፣ ጳውሎስ የፈለገውም ይህችን ነው፦ ጊዜው አልፏል።

«ግሪኩ ግልጽ ነው» የሚለኝን ደግሞ አላምነውም። 2፥16 ላይ ቃል በቃል «የኢየሱስ ክርስቶስ እምነት» ነው ያለው። እኛ «የአገር ፍቅር» ስንል ወዳጁ ሰው ነው፣ «የእናት ፍቅር» ስንል ግን ወዳጅዋ እናት ልትሆን ትችላለች። ግሪኩም እንደዚያው ነው፦ በክርስቶስ ማመን ወይስ የክርስቶስ ታማኝነት? ሪቻርድ ሄይስ የተባለው ምሁር በ1983 ሁለተኛውን ይዞ ከተነሣ ወዲህ ምሁራን አልተስማሙም።

«ኢትዮጵያውያን ስለሚገረዙ ገላትያ ያወግዛቸዋል» ለሚሉት መልሱ የቆየ ነው። ፖርቱጋሎች በአይሁዳዊነት ሲያሙን አፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ራሱን ጳውሎስን ጠቅሶ፣ የእኛ ግዝረት የአገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳው ነው አለ። ንጉሡ ደብዳቤውን ከብዙዎቻችን በተሻለ አንብቦታል።

ጳውሎስ ሁሌ ለስላሳ ነው የሚሉም አሉ። 5፥12 «የሚያውኩአችሁ ይቆረጡ» ይላል። አማርኛው ከማኅበር ይለዩ ያስመስላል። ግሪኩ ግን መገረዝ እንዲህ ከጣማቸው እስከ ጥጉ ይሂዱበትና ይሰለቡ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር አንዲት አሮጊት ተማሪዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩና «የኔ ልጅ፣ ይሄን በዓውደ ምሕረት እንዳትለው» አሉኝ።