ጃቫስክሪፕት የረሳነውን ሴሚኮለን ሲሞላልን

ስለ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ሲወራ፣ «ሴሚኮለን (;) ባታደርግም ችግር የለውም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። ምልክቱ ከእኛ ድርብ ሰረዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን የአራት ነጥብ ነው፣ ትእዛዝ ይዘጋል።

ሕጉ እንዲህ ነው። አዲስ መስመር ላይ ያለው ነገር ከላይኛው ጋር በሰዋስው የማይገጥም ከሆነ፣ ጃቫስክሪፕት መሃላቸው ሴሚኮለን እንዳለ ቆጥሮ ያልፋል። የሚገጥም ከሆነ ግን ዝም ብሎ ያያይዛቸዋል። በቅንፍ የሚጀምር መስመር ጉድ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ካልተዘጋ፣ ቅንፉ የፈንክሽን (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ጥሪ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ከሁሉ የሚያናድደው «ሪተርን» (return፣ ፈንክሽኑ ውጤቱን የሚመልስበት ትእዛዝ) ነው። እሱ ላይ ሕጉ ለየት ይላል፤ ገጠመ አልገጠመ አይልም። «ሪተርን» ብላችሁ ኢንተር ከመታችሁ እዚያው ይዘጋዋል። እንዲመለስ የፈለጋችሁትን ቁጥር ከታች ብትጽፉትም ፈንክሽኑ የሚመልሰው «አንዲፋይንድ» (undefined፣ ምንም ዋጋ አልተሰጠም ማለት) ነው። ኧረርም አይሰጥ! እንዲህ ከሚረዳን ቢቆጣን ይሻል ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የምትመልሱትን ነገር፣ ወይም ቢያንስ መክፈቻ ቅንፉን፣ «ሪተርን» ካለበት መስመር ላይ ጀምሩት።