ትጉውን ሰነፍ የሚያስመስለው «ሃርድሊ»

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ከሚተየቡት የሥራ ማመልከቻዎች መካከል «ሃርድሊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ ያለ ቦታው የገባበት ብዙ ነው። ሥራ ፈላጊውን የሚጎዳው ባልጠረጠረው በኩል ስለሆነ ስለ ቃሉ የሚነገረውን አንድ በአንድ ማጥራት ይገባል።

የመጀመሪያውና ዋናው ስህተት «ሃርድሊ» ማለት «በትጋት» ነው የሚለው ነው። አይደለም፤ የዛሬው ፍቺው «እምብዛም» ለማለት የቀረበ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ደንብ በቅጽል ላይ «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግሥ ይሆናል ይላል፤ «ስሎው» «ስሎውሊ» እንደሚሆነው። «ሃርድ» ግን እንደ «ፋስት» ሁሉ ምንም ሳይጨመርበት ለሁለቱም ያገለግላል። «በትጋት እሠራለሁ» ለማለት «አይ ወርክ ሃርድ» ይበቃል። «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብሎ የጻፈ ሰው ለቀጣሪው የነገረው «ሥራ የምነካው ከስንት አንዴ ነው» ብሎ ነው። ቀን እየሠራ ማታ ተምሮ ዲግሪውን የያዘ ወጣት በገዛ ፊርማው ስንፍናውን ሲመሰክር ማየት ያንገበግባል።

ትክክለኛውን ፍቺ ያወቁትም ሌላ ቦታ ይሰናከላሉ፤ ግሡን አሉታ ያደርጉታል። ይህ የመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ «እምብዛም አላውቀውም» እንላለን፤ «እምብዛም አውቀዋለሁ» የሚለውን ጆሯችን አይቀበለውም። በእንግሊዝኛ ግን አሉታውን የተሸከመው «ሃርድሊ» ራሱ ስለሆነ «አይ ሃርድሊ ኖው ሂም» ይባላል፤ «ዶንት» ከተጨመረበት በመደበኛው እንግሊዝኛ ስህተት ነው። የቃሉን አሉታዊነት ለማየት መጨረሻ ላይ የሚከተለውን ጥያቄ ማስተዋል ነው፤ «ዩ ሃርድሊ ኖው ሂም» ካልን በኋላ የምናስከትለው «ዱ ዩ» እንጂ «ዶንት ዩ» አይደለም።

«ፈጽሞ» ማለት ነው የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልክ ያነሳ ሰው «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ» ካለ በግድም ቢሆን ይሰማል ማለት ነው። «ሃርድሊ ኤቨር» ከስንት አንዴ፣ «ሃርድሊ ኤኒ» ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ጥቂት ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ «ዛት ኢዝ ሃርድሊ ፌር» ሲባል ከሰማችሁ «ትንሽ ፍትሐዊ ነው» ብላችሁ እንዳትረዱት፤ በለሰለሰ አነጋገር የቀረበ ተቃውሞ ነው።

«በጭንቅ፣ በችግር» የሚል ፍቺ የሚሰጥ መዝገበ ቃላትስ ተሳስቷል? አልተሳሳተም፤ የጥንቱን ፍቺ መያዙ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 19፥23 ላይ ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት የሚገባው «ሃርድሊ» ነው ይላል፤ በጭንቅ ማለቱ ነው። በጭንቅ የሚሆን ነገር ደግሞ ሳይሆን ሊቀር ጥቂት የቀረው ነውና ቃሉ በዚያው መንገድ ወደ ዛሬው ፍቺው ደረሰ። ዛሬ «በችግር» ለማለት «ዊዝ ዲፊከልቲ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ዐረፍተ ነገር አይጀምርም የሚባለውም ልክ አይደለም። «ገና ከመድረሴ» ለማለት «ሃርድሊ ሃድ አይ አራይቭድ» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ረዳት ግሡ ከባለቤቱ ይቀድማል፣ ቀጥሎም «ዌን» ይገባል። በ«ዌን» ፋንታ «ዛን» የሚገባው ተመሳሳይ ፍቺ ካለው «ኖ ሱነር» በኋላ ነው።