«የፕላስቲክ ውሃ ክልከላ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን «በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ይከልከል ወይ?» የሚለው ክርክር እንደገና ተነስቷል። አንድ አስተያየት ሰጪ «ሳን ፍራንሲስኮ የላስቲክ ውሃ ከከለከለች ስንት ዓመቷ! አዲስ አበባ ምን ትጠብቃለች?» ብሎ ጻፈ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ፌስታሉ ሲከለከል ሃይላንዱም አብሮ ተከልክሏል፤ የጠፋው አስፈጻሚ ነው» አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሥራዬ የከተማ የመጠጥ ውሃ ሥርጭት ስለሆነ ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የፌስታሉን ቶሎ ልጨርሰው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የከለከለው የፕላስቲክ ከረጢትን ነው። የታሸገ ውሃ መሸጥን አልከለከለም። በቃ።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው ሕግ የሚመለከተው የከተማውን አስተዳደር ይዞታ ነው። አዳራሾቹን፣ መናፈሻዎቹንና እዚያ የሚካሄዱ ዝግጅቶችን ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ሕጉ ሲወጣ የተከለከለው ትንሹ ጠርሙስ ነበር፤ 0.6 ሊትር ገደማና ከዚያ በታች የሚይዘው። የሩጫ ውድድር ተሳታፊዎች እንኳ ያኔ ከክልከላው ውጭ ነበሩ። ሰፈር ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አንድ እሽግ ውሃ ገዝታችሁ ብትወጡ የሚጠይቃችሁ የለም። በ2019 የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ክልከላውን ሲከተልም፣ መንገደኛው የራሱን ጠርሙስ በነጻ የሚሞላባቸው የውሃ መቅጃዎች በየተርሚናሉ ነበሩ።

ጠበቅ ያለ ክልከላ ማየት የሚፈልግ ኮንኮርድን ይመልከት። በማሳቹሴትስ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጂን ሂል የተባሉ አዛውንት ለዓመታት ወትውተው፣ ነዋሪው በ2012 በጉባኤ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከጥር 2013 መጀመሪያ አንስቶ ክልከላው ሥራ ላይ ዋለ። ይህ በሱቆችም ላይ የሚሠራ ነው። ነገር ግን የሚመለከተው አንድ ሊትርና ከዚያ በታች የሆነውን ተራ ውሃ ብቻ ነው። ለስላሳው፣ ጭማቂው፣ ጋዝ ያለው ውሃ በዚያው በፕላስቲኩ ይሸጣል። አደጋ ሲያጋጥም ደግሞ ክልከላው ይነሳል። ይህችን የአደጋ ጊዜ አንቀጽ አትናቋት። በሚሺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ በ2014 የውሃ ምንጭ ሲቀየር እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከቧንቧው ወደ ውሃው ገባ። ሕዝቡ ለዓመታት የኖረው በታሸገ ውሃ ነው።

እንግዲህ ክልከላው በተግባር ይህን ይመስላል፦ ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ እንደ ልብ በሚገኝበት ቦታ፣ ውሃን በትንሽ ፕላስቲክ አሽጎ መሸጥን ማስቆም። ተከራካሪዎቻችን ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ይዘው ይሮጣሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በአንድ መስመር ላይ ሚኒባስ ታክሲ ተከለከለ እንበል። ምክንያቱም አውቶቡስ በየአምስት ደቂቃው አለ። ይህ ያስኬዳል። አውቶቡሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነስ? ሰው ሥራ ውሎ ቤቱ መግባቱ አይቀርም። ያለው ላዳ ይይዛል፣ የሌለው በእግሩ ይሄዳል። አውቶቡሱ ቢኖር እንኳ ላዳ የለመደ ሰው በአንድ ጀንበር አይወርድለትም። የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ በ2013 በግቢው ውስጥ የታሸገ ውሃ መሸጥ አቆመ። በ2015 የታተመ ጥናት ውጤቱን አሳየ። ተማሪው ወደ ጣፋጭ መጠጦች ዞረ፤ ወደ ግቢው የሚገባው የጠርሙስ ብዛትም በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ጨመረ። ይህ የሆነው ከቧንቧ የሚጠጣ ውሃ ባለበት ግቢ ነው፤ አውቶቡሱ ቆሞ እየጠበቀ!

የእኛ አውቶቡስ፣ ማለትም የቧንቧ ውሃችን፣ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ ነው። «ውሃው እኮ ከለገዳዲም ከገፈርሳም ተጣርቶ ነው የሚወጣው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከማጣሪያው ሲወጣ ንጹሕ ነው። ችግሩ ከማጣሪያው እስከ ብርጭቆው ባለው መንገድ ላይ ነው። ውሃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ውሃ ማፍሰሱን ትቶ በዙሪያው ያለውን እርጥበትና ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው የደፈረሰ ውሃ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። ከዚያ ውሃው ሮቶ ውስጥ ገብቶ ቀናት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን (ጀርም የሚገድለው መድኃኒት) እንዲቀርለት ይመክራል። ክሎሪን ግን በቆይታና በሙቀት ያልቃል። ሮቶው በዓመት ስንቴ ይታጠባል? ይህን ሳይመልስ «የቧንቧ ውሃ ጠጡ» ብሎ ማዘዝ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወጥተን ስምጥ ሸለቆ ስንገባ ነገሩ ይብሳል። እዚያ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሚለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያልፋል። ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲበዛና ሲቆይ አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ፍሎራይዱ ይበረታል። ለእነዚያ ከተሞች አንድ ዓይነት ክልከላ ከላይ መጫን ሕዝብ መጉዳት ነው።

ይህን ስል ለፕላስቲክ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ክረምት ሲገባ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሚደፍነውን አውቀዋለሁ። «ቁራሌው ያነሳዋል» የሚለው መልስም ግማሽ እውነት ነው። ቁራሌው የሚያነሳው ዋጋ ያለውን ነው፤ ባዶ ሃይላንድ ዋጋ ሲያጣ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዋጋ እንስጠው። ጀርመን ከ2003 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ 25 ሳንቲም ዩሮ ታስይዛለች፤ ጠርሙሱን ለመለሰ ይመለስለታል። እኛም የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ አስይዘን እየወሰድን ያደግን ሕዝብ ነን። ለባለሱቁም ለገዢውም እንግዳ ነገር አይሆንም።

መከልከል ካለበት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባዎች ይቅደሙ። በየጠረጴዛው የሚደረደረውን ትንሽ ውሃ አስቡት። ሰው ሁለቴ ይጎነጭለትና ትቶት ይወጣል። እዚያ ገዢውም አዛዡም መንግሥት ራሱ ስለሆነ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። እየተመለሰ የሚሞላውን ባለ 20 ሊትር ውሃና ብርጭቆ ማቅረብ ይቻላል። ቧንቧው አስተማማኝ የሆነበት ሕንፃ ደግሞ መቅጃ ይትከል፤ ታንከሩን በየጊዜው ይጠብ፤ የክሎሪኑን ልኬት ከነቀኑ ጽፎ ከመቅጃው በላይ ይለጥፍ።